ሳይሰናበቱ የሄዱት ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር ሃርዊክ ከአውስትራሊያ ዳግመኛ ደሴት ላይ ወዳለችው መንደራችን ሲመጡ፣ በወንድሜ በኢሲኬሊ መቃብር ላይ ያለበስነው ጨርቅ ገና ቀለሙን አልለቀቀም ነበር። እሳቸው ግን ሲያዩኝ በሳቅ ተፍነከነኩ። “ቪሊማይና! አምሮብሻል እኮ!” አሉኝ። ደሜ ፈላ።

መጀመሪያ ሲመጡ እንኳ ደንቡን አክብረው ነበር የገቡት። እንግዳ ለመግባት የሚያቀርበውን፣ ለመጠጥ የሚሆነውን የያንጎና ሥር በሁለት እጃቸው ይዘው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። የአለቃችን ቃል አቀባይ፣ አጎቴ ጆቪሊሲ፣ ሥሩን ተቀብለው አጨበጨቡ። ተወቅጦ በውሃ ተበጠበጠና ሁላችንም ከአንድ የኮኮነት ቅል ጠጣን። ከዚያ ወዲያ የእኛ ሰው ሆኑ። ከአሳማዎቹም ከእኛም ደም ወሰዱ፣ ከወንዙም ውሃ ቀዱ። “መንደሩ ውስጥ የገባው ትኩሳት ከየት እንደሚመጣ እያጠናን ነው። እስክንጨርስ ምንም እንዳትነኩ፣ ሁሉም ባለበት ይቆይ” አሉን። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ መኪናቸው የለም።

እኛ ዘንድ በያንጎና የገባ ሰው በያንጎና ነው የሚወጣው። ሥሩን አቅርቦ “ልሂድ” ካላለ አልሄደም፤ ሥራውም አላለቀም። ስለዚህ ጠበቅናቸው። ኢሲኬሊ ሽታው አስመርሮት፣ ከወንዙ ራስጌ ያለውን የአሳማ በረት ከመንደሩ በታች ሊያወርድ እንጨት ሁሉ ቆርጦ ነበር። አጎቴ “ተው ልጄ፣ የሰው ሥራ አታበላሽ። ጥናታቸው አላለቀም” አሉት። ተወው። ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ የጎደሬ ማሳው ውስጥ ገባ፤ እሱም እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲሠራ ሰነበተ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ቆመ። ሆስፒታልም አላተረፈው።

አሁን ደግሞ ፕሮፌሰሩ ሌላ ጥናት ሊጀምሩ አዲስ ሥር ይዘው አጎቴ ፊት ቁጭ ብለዋል።

“ያለፈው በጣም የተሳካ ነበር” አሉ። “በሽታው ከአሳማዎቹ ሽንት ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ሰው ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ወር ነው የደረስንበት። አሁን በትልቅ መጽሔት ላይ ወጥቷል።”

“በመጀመሪያው ወር?” አልኩ። በዚያ ሥርዓት ላይ ሴት አትናገርም፤ ያሻቸውን ይበሉኝ ብዬ ነው።

“አዎ። ግን በመጽሔቱ ሳይወጣ መናገር አልቻልንም። ለመሆኑ በረቱ ለምን እስካሁን አልተነሳም?”

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። “እርስዎ አትንኩ ስላሉን ነዋ! ጨረስኩ ሳይሉን፣ ሳይሰናበቱን ውልቅ አሉ! እኛ ሞኞቹ ጥናትዎ እንዳይበላሽ ብለን ወንድሜን ቀበርነው!”

ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ሥሩን ወደ አጎቴ ገፋ አድርገው፣ “እባክዎ ይቀበሉኝ” አሉ።

አጎቴ እጃቸውን አልዘረጉም። “መቼ ሄዱና ነው ደግሞ የምቀበልዎ?” አሉ። “መጀመሪያ ይሰናበቱ እንጂ። ይህን ሥር ይዘው ወደ ኢሲኬሊ መቃብር ይሂዱ። ሥራዎን እስኪጨርሱ ብሎ የጠበቀዎት እሱ ነው። መሄድዎን ለሱ ይንገሩት።”

ፕሮፌሰሩ ሥሩን አቅፈው ወጡ። እኔ አልተከተልኳቸውም። ኢሲኬሊ ቆርጦ የተወውን እንጨት ተሸክሜ ወደ አዲሱ በረት ቦታ ወረድኩ።