ለሽክርክሪቱ ያልተላከው ሽማግሌ

አንዳርጋቸው ደንገል መናፈሻን የሚወደው ሰውን እንደሚወድ ነው፤ እየተቀየመ።

ጣና ዳር ከተደረደሩት መዝናኛዎች ትንሹ ይህ ነው። አንድ ዋርካ አለ፤ ጥቂት ዥዋዥዌ፣ አሳ የሚጠበስበት ዳስ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሽክርክሪቱ። የሽክርክሪቱ መቀመጫዎች በታንኳ መልክ የተሠሩ ናቸው፤ አፍንጫቸው እንደ ደንገል ታንኳ ሽቅብ የቀና። ሲዞር በሐይቁ በኩል የሚያልፈው ታንኳ ውኃው ላይ የወጣ ይመስላል። ልጆች እዚያ ሲደርሱ ይጮኻሉ። ትልልቆቹም አፋቸውን ይዘው ነው የሚያልፉት።

አንዳርጋቸው ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲነቅል፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይከርምና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጁን በዱቄት ሳሙና እስኪላጥ ፈትጎ ወደ ደንገል ይወርዳል። ዋርካው ሥር የሚጠብቁት፣ ይጠብቁኛል ብሎ የሚያስብ እሱ ነው እንጂ፣ «የደንገል ወዳጆች» የሚባሉት ናቸው። ስለ መናፈሻው እንጂ ስለ ሌላ አያወሩም። የትኛው ታንኳ እንደሚያቃስት፣ የአሳው ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ በሩ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ጉማሬ ማን ሮዝ ቀለም እንደቀባው ሲጨቃጨቁ ጀምበር ትጠልቃለች። ባንክ የምትሠራው ዜማ ደግሞ ጭቅጭቁን ቴሌግራም ላይ ትለጥፈዋለች፤ እዚያ ደግሞ መናፈሻውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ይቀጥሉታል።

ቅያሜው የቆየ ነው። መናፈሻው የተከፈተ ዕለት ባለቤቱ አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሽክርክሪቱን ማን እንደሚመርቅላቸው የሰፈሩን ልጆች ጠየቁ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው አንዳርጋቸው ነበር። እጁ ገና ሳይወርድ፣ «የመሪጌታ ልጅ ይቅደም» አሉና ጥዑመ ልሳንን ብድግ አድርገው ታንኳው ውስጥ አስቀመጡት። ፎቶ ተነሣ። ፎቶው እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጥዑመ ልሳን ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ በጠርዙ በኩል የአንድ ልጅ ክርን ይታያል። ክርኑ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ባለ ክርኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚያ ቀን ተከታይ ሆነ። ጥዑመ ልሳን ከአባቱ እግር ሥር ቅኔ ቆጠረ፤ ቀጥሎ የዘመኑን ትምህርት ጨረሰ፤ ጎንደር ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ። አንዳርጋቸው ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ጎማ ያዘ። እሱስ ባልከፋ፤ ጎንደር ሩቅ ነው፣ የማያዩት ሰው ብዙ አያቃጥልም። ያ ሰው ግን ጠጉሩ ገብስማ ሲሆን ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። በተመለሰ በመጀመሪያው እሑድ ዋርካው ሥር ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። የአንዳርጋቸው ጀርባ ለዓመታት ያለሰለሰው የዋርካው ግንድ ዘንድ «እዚህ አረፍ ይበሉ፣ መምህር» ተባለ። አንዳርጋቸው ጠጋ አለለት። መጠጋቱን ያየ የለም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆመ። የአቶ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መናፈሻውን ልታሰፋ ነው። ሰሌዳው ላይ ከሰማይ ወደ ምድር የተጠማዘዘ የውኃ መንሸራተቻ፣ መብራት በመብራት የሆነ ትልቅ መንኮራኩር፣ የባሕር ዳር ሰው የማይመስሉ ደስተኛ ሰዎች ተሥለዋል። ሽክርክሪቱ የለም። ሽክርክሪቱ ባለበት ቦታ መኪና ቆሟል።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ለሁለት ተከፈለ። ዜማና ወጣቶቹ ይስፋ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ነገር እዚህ የማይኖረው ለምንድን ነው፣ ሰው ልጁን ይዞ መጥቶ አንድ ዙር ዞሮ እስከ መቼ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ያ ብረት ደግሞ ዘይት ቢጠጣም ባይጠጣም ሲጢጥ ማለቱን አይተውም እያለች ዜማ ተከራከረች። ከፋብሪካ ጡረታ የወጣችው ሸዋዬ በበኩሏ መንሸራተቻው ይቅርብኝ አለች፤ ልጆቿን ለአቅመ ሳቅ ያደረሰላት ሽክርክሪቱ ነው። አንዳርጋቸው ከሁሉም አብልጦ ተናገረ። እሱን የሚነቅል እኔን ይነቅላል አለ። ሐይቁ ዳር የታጠረ አጥር፣ ክንድ ላይ የሚታሰር የመግቢያ ቀለበት፣ ይህ ሁሉ ለእንግዳ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም አለ። ድምፁ እስኪዘጋ ተናገረ። ሰው ግን የሚያየው ጥዑመ ልሳንን ነበር፤ እሱ ምን ይል ይሆን እያለ።

ጥዑመ ልሳን መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ማስፋፋቱን አንቃወም አለ፤ መንሸራተቻውም ይምጣ፣ መንኮራኩሩም ይምጣ፣ ሽክርክሪቱ ብቻ ወደ አሳው ዳስ ጠጋ ብሎ ይተከል። ይህንንም በቴሌግራም ስድብ ሳይሆን በወጉ፣ ሽማግሌ ልከን እንለምናት አለ። ዜማ ሳትቀር እሺ አለች።

አንዳርጋቸው ባለፈው እሑድ ይህንኑ ብሎ ነበር። ጠጋ ይደረግ ያለው እሱ ነው። ያን ጊዜ የሰማው የለም፤ ሸዋዬ እንዲያውም አሳው ቀዘቀዘ ብላ ነበር ያቋረጠችው። ቃሉ ከእሱ አፍ ሲወጣ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ከዚያ አፍ ሲወጣ ማር ይሆናል።

ሽማግሌ መረጣው ቀጠለ። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ይምሩ ተባለ፤ ጥዑመ ልሳን ይከተላቸው። ሦስተኛው ሲፈለግ ነገሩ ቀዝቀዝ አለ። አንዳርጋቸው ዓይኑን መሬት ተክሎ፣ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

«አንዳርጋቸው ይምጣ እንጂ» አለ ጥዑመ ልሳን። «ከእሱ በላይ ማን ይወደዋል?»

ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ደስ ባለው። ከዚህ ሰው ሲመጣ ግን ምጽዋት ሆነበት።

«እኔ የተረፈ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ መልሶ።

«ሽማግሌ ደግሞ መቼ ይቀመጣል?» አለች ሸዋዬ። ሰው ሳቀ።

ሳቁ ምክንያት ነበረው። በዚያ አገር ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም። እሺ እስኪባል ይቆማል፤ ልመናው መቆሙ ነው። እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ባለቤቱ ባለው ተስማማ ማለት ነው፤ በዚያ ጉዳይ ሌላ ሽማግሌ አይላክም። አንዳርጋቸው ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ለእኅቱ ልጅ ጋብቻ ቁንዝላ ድረስ ሄዶ፣ የልጅቱ አባት እሺ እስኪሉ የቆመ ሰው ነው።

በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተተካ። ሐሙስ ሊሄዱ ተቀጣጠሩ።

አንዳርጋቸው ረቡዕ ጧት ሱቁን ሳይከፍት የሟች አባቱን ከዘራ ይዞ ብቻውን ወደ ደንገል ወረደ። የሚፈልገው ግልጽ ነበር። ቀድሞ ገብቶ እሺ ሊያሰኛት፤ ሐሙስ እነ ጥዑመ ልሳን ደጅ ሲቆሙ «ምነው ደከማችሁ፣ ጋሽ አንዳርጋቸው ጨርሰውት ሄዱ» እንዲባሉ። ያቺን ቃል መንገዱን ሙሉ በልቡ እያስደገማት ሄደ። የጥዑመ ልሳን ፊት ቃሏን ሲሰማ ምን እንደሚመስል ሁሉ አየ።

ፀሐይወርቅ ገና ስታየው ከጠረጴዛዋ ተነሣች። ለእሱ እንዲህ የተነሣ ሰው መቼ እንደነበር አላስታወሰም። ልጅ ሳለች የብስክሌቷን ጎማ ከመነዳሪ ለጥፎላታልና «አንቺ» ሊላት አስቦ ነበር፤ ምላሱ ግን ከዳው።

«ስለ ሽክርክሪቱ ነው የመጣሁት፣ እርስዎ ዘንድ» አለ። «ወዳጆቹን ወክዬ።»

ፀሐይወርቅ ፊቷ ተለዋወጠ። ሽማግሌ እንደሚላክባት ወሬው ደርሷት ኖሯል።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ አንዳርጋቸው።»

«ቆሜ ልናገር።»

«ግድ የለም፣ ይቀመጡልኝ።»

«አይ፤ እቆማለሁ።»

ቆመ። አቋቋሙም የሚያኮራ ነበር፤ ቄስ ዓምደ ሚካኤልም ከዚያ የተሻለ አይቆሙም። ከግድግዳው ላይ ጥዑመ ልሳን ጥርሱን ገልጦ ያየዋል። ክርኑም እዚያው አለ። ፀሐይወርቅ ከጥግ አንድ ባለ መደገፊያ የቆዳ ወንበር ስባ አመጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው። ተንኮል አልነበረባትም፤ ጨንቋት ነው የምትናገረው።

«የአባዬ ወንበር ነው። ሰው አላስቀምጥበትም፤ መምህር ጥዑመ ልሳን ሲመጡ ካልሆነ።»

ይህን ባትል ኖሮ እስከ ማታ በቆመ።

«እሱ ብቻ?» አለ አንዳርጋቸው።

«እሳቸው ብቻ።»

ተቀመጠ።

ቆዳው ከሥሩ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ወንበሩ ጀርባውን ይዞ እስከ ትከሻው ወጣለት። ክርኑን መደገፊያው ላይ አሳረፈና ፎቶውን ቀና ብሎ አየው።

ፀሐይወርቅ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሸክም የወረደለት ሰው ትመስል ነበር። «እግዜር ያክብርልኝ፣ ጋሼ። ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ ቢለምነኝ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። ያቀለሉልኝ እርስዎ ነዎት።»

የት እንደተቀመጠ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሊነሣ ይችል ነበር፤ እግሩን ማንም አልያዘውም። ተሳሳትሁ ብሎ ቢነሣ ትሰማው ነበር። እሷ ግን አምቦ ውኃ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችለት። ጠጣ። እስኪያልቅ ጠጣ።

«ጥዑመ ልሳን ሲመጣም አምቦ ውኃ ነው?» አለ።

«ለእሳቸው ሻይ ነው።»

ሻይም ጠጣ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ አልሄዱም። እሑድ አንዳርጋቸው ዋርካው ሥር ሲደርስ ሰው ከወትሮው ይበልጣል፤ ሽክርክሪቱ አጠገብ መፍቻ የያዙ ሠራተኞች ቆመዋል፤ ለወዳጆቹ ማምሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ይዞራል ተብሏል። ፀሐይወርቅ ረቡዕ ማታ ለጥዑመ ልሳን ደውላ ሁሉን ነግራዋለች፤ ሌላው ሰው ግን አንድ ሰው መቀመጡን እንጂ ማንነቱን አልሰማም። አንዳርጋቸው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። ፈርቷል። ፍርሃቱ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበር፤ ዛሬ ሁሉም የሚያወሩት ስለ እሱ ነው።

ጥዑመ ልሳን ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም ወደ ሰዉ ተመለሰ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ረቡዕ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብዬ ሳለሁ ነገሩን አነሣሁት። ተቀመጥ ስትለኝ ተቀመጥሁ። ጉልበቴን አሞኝ ነበር።»

ቄስ ዓምደ ሚካኤል መሬቱን በከዘራቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። አንዳርጋቸው ቁጣውን ጠበቀ። አልመጣም። ሸዋዬ ታመው ኖሮ ለምን አልነገሩንም ብላ ተቆጣች፤ ቁጣዋ እሱ ብቻ ነበር። አንዱ ጋቢውን አጥፎ ከጥዑመ ልሳን ጉልበት ሥር አደረገለት። ዜማ ለስላሳ ከፍታ ሰጠችው። አንድ ሰው እንዲያውም ይህን ያህል ዓመት የዞረ ብረት ይረፍ እንጂ አለ፤ ሌሎቹም እውነት ነው፣ መንኮራኩሩንም እስቲ እንየው አሉ።

አንዳርጋቸው ውስጡ እንደ ፍም ጋመ። ይህ ሰው ማጥፋት እንኳ ያምርበታል። ጥፋቱ ደግሞ የእሱ አልነበረም። ረቡዑ የአንዳርጋቸው ነው። ወንበሩ፣ ውኃው፣ ሻዩ የአንዳርጋቸው ነው። በዕድሜው አንድ ቀን ያንን ወንበር ቢይዝ፣ ያንንም ይህ ሰው መጥቶ ወሰደበት።

ብድግ አለ።

«የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።»

ዜማ ቀና ብላ አየችው።

«ተዉ እንጂ፣ ጋሼ» አለች። «ይችንም ሊቀሟቸው ነው?»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። አንዳርጋቸው በአባቷ ወንበር ላይ ነው አለ፤ በነጠላዋ ጠርጋ ነው የሰጠችኝ አለ፤ አምቦ ውኃ ቀድታልኛለች አለ። በተናገረ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ሸዋዬ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ ያን ወንበር ለጎሚስታ የምትሰጥ ከሆነ ነገ እኔም እሄዳለሁ አለች።

«ንገራቸው» አለው ጥዑመ ልሳንን።

ጥዑመ ልሳን ክንዱን ያዘና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ተው አንዳርጌ። እኔን ይምሩኛል። አንተን አይምሩህም።»

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያቃጠለው እውነት መሆኑ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ሽክርክሪቱ ተከፈተ። ሰው ተጋፍቶ ወጣ፤ ዜማ ግን ስልኳን ይዛ ከታች ቀረች። ጥዑመ ልሳን በልጅነቱ የተቀመጠባት ታንኳ ውስጥ ገባና አጠገቡ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ና፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም» አለ አንዳርጋቸው።

በአባቱ ከዘራ ተደግፎ ቆመ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ቁንዝላው ቀን። የሚለምነው ነገር አልቀረም፤ እሺ የሚለውም የለም። ብረቱ ሲጢጥ ብሎ ተነሣ። ታንኳዎቹ አንድ በአንድ በሐይቁ በኩል አለፉ፤ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ልጅ ጮኹ። የጥዑመ ልሳን ታንኳ አጠገቡን ባዶ ይዛ ዞራ መጣች። ዜማ ስልኳን አነጣጠረች።

አንዳርጋቸው ይህን ሲያይ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰበሰበ።