ለካፒቴን ፉ የመረጥነው ኮምፒውተር

አለቃዬ ኩዎ የሚያፌዝብኝ ነገር ሲያጣ እነዚያን ፕሮሰሰሮች ያነሳብኝ ነበር። ከአንድ ድርጅት ሰርቨሮች የተነቀሉ አርባ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ እንግዛቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዳቸው ሥራውን የሚከፋፈሉ ሃያ ስምንት ኮር አላቸው፣ ኮሮቹ ግን አንድ በአንድ ሲታዩ ቀርፋፋ ናቸው። የሚወስዳቸው ጠፋ። ኩዎ ጠዋት ጠዋት የሱቁን በር ወደ ላይ እየጠቀለለ፣ "አሹዌ፣ ልጆችሽ እንዴት አደሩ?" ይለኛል። ጎረቤት ሱቅ ያሉት ሁሉ ይስቃሉ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ፕሮሰሰሮቹን ማለቱ ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጓንግዋ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ኮምፒውተር መገጣጠም ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል።

ካፒቴን ፉ ከሚስቱ ጋር የመጣው በግንቦት፣ ዝናቡ ለሳምንት ሳያባራ በከረመበት ሰሞን ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ፣ አጥፎ፣ አስሮ ነው የገባው። ባለፈው ዓመት ቀለል ያለ ስትሮክ መትቶት ከበረራ ታግዷል። ሐኪሞቹ ድነሃል ብለውታል፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚሰጠውን ፈተና ካለፈ የጭነት አውሮፕላን እንዲያበር ይፈቀድለታል። ይህን ሁሉ የነገረን ሳያፍር ነው።

"እቤት በኮምፒውተር ማብረር መለማመድ እፈልጋለሁ" አለ። "እጄ ደህና ነው። ማረጋገጥ የምፈልገው ይቺን ነው።" ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ሚስቱ ሱ-ዌን ዞር ብላ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ማራገቢያዎች ማየት ጀመረች።

ከኪሱ በእጁ የጻፈው ወረቀት አወጣ። በኮምፒውተር የሚያበሩ ሰዎችን ጠይቆ ነው ያዘጋጀው። ፈጣን የሆነ ባለ ስምንት ኮር ፕሮሰሰር፣ በቂ ራም፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይላል። እኔም ብጠየቅ ከዚያ የተለየ አልጽፍም ነበር።

ኩዎ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። "ካፒቴን፣ ስምንት ብቻ? እኔ ሃያ ስምንት እያለኝ?"

"ብዛቱ ምን ያደርግልኛል?" አለ ካፒቴኑ። "ከአራት ደካማ ሞተር ሁለት ጠንካራ ይሻለኛል።"

"ኧረ ደካማ! ባንክ የሚሠራበት ዕቃ እኮ ነው! ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚሠራ። እነዚያ የነገሩዎት ልጆች ጨዋታ ነው የሚያውቁት፤ እርስዎ የመጡት ለቁም ነገር ነው።"

ካፒቴኑ ወደኔ ዞረ። "የምትገጣጥሚው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ካፒቴን።"

"ለማብረር ይሆናል?"

ኩዎ ከጀርባው ሆኖ ጥርሱን አሳየኝ። ልጆችሽን ዳሪያቸው ማለቱ ነው።

"ይሆናል" አልኩ። "እንዲያውም ይተርፋል።"

ካፒቴን ፉ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ያመነው ኩዎን አይደለም፣ እኔን ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሊረከብ መጣ። ኩዎ ባዘዘኝ መሠረት ስክሪኑ ላይ ያለውን አውሮፕላን ከኋሊየን ጠረፍ በስተምሥራቅ፣ ውቅያኖሱ ላይ፣ በአሥራ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ አቆየሁለት። ሰማይና ውሃ ለኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። የሚከብደው ከተማ ነው፤ ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ማረፊያው፤ ቀርፋፋ ኮር እዚያ ይሰናከላል። ካፒቴኑ መሪውን ሲይዝ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱም ተፈታ። አውሮፕላኑን ወደ ግራ አጋደለው፣ መለሰው። ስዕሉ እንደ ዘይት ይፈስሳል።

"ሶንግሻን አየር ማረፊያ ላሳርፈው" አለ።

"የከተማው ስዕል በኢንተርኔት ነው የሚመጣው" አለ ኩዎ፣ "የኛ መስመር ደግሞ ዛሬ ሞቷል። እቤትዎ እንደልብዎ ያርፋሉ፣ ካፒቴን።"

መስመሩ አልሞተም። ኩዎ ገመዱን ሲነቅለው አይቻለሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ካፒቴን ፉ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለማረፍ ስወርድ፣ ሕንፃዎቹ ላይ ስደርስ፣ አንዳንዴ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ሰከንድ። ከዚያ ራሴን ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ፤ መስመሩን ስቼ፣ አፍንጫው ተደፍቶ። ማሽኑ ነው ወይስ...?"

ወይስ ምን እንደሆነ አልጨረሰውም።

ኩዎ አጠገቤ ሩዝ እየበላ ነበር። የሚበላበትን ቾፕስቲክ ወደኔ ቀስሮ፣ እንዳትናገሪ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ ነው ካልኩ ዕቃው ይመለሳል፤ ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት የምሰማውም ይታወቃል።

"እዚህ ስንሞክረው እንኳ ደህና ነበር" አልኩ።

 

"አዎ፣ እኔም ነበርኩ፤ ደህና ነበር" አለ። "እንግዲያው እኔ ነኝ።"

 አመስግኖኝ ዘጋ።

"ጎበዝ" አለኝ ኩዎ ሩዙን እያላመጠ።

አራት ቀን ታገስኩ። በአምስተኛው ከሌላ ሱቅ፣ በራሴ ወጪ፣ ካፒቴኑ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ዓይነት ፕሮሰሰርና እሱ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ገዛሁ። ማሽኑን ሲረከብ ያስመዘገበው አድራሻ ነበረኝ። የሚኖሩት ሚንሸንግ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ለሶንግሻን ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ በጣሪያው ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። በዚያ ሙቀት መስኮታቸው ሁሉ ተዘግቷል።

በሩን የከፈተችልኝ ሱ-ዌን ናት። እጄ ላይ ያለውን ሳጥን ስታይ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"እመቤት፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው" አልኩ በሹክሹክታ። "ካፒቴኑ ምንም አልሆኑም። የሰጠናቸው ፕሮሰሰር ለዚህ አይሆንም። አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ ልቀይረው።"

የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምን?"

"ጠርቶኝ ነበር። 'አጠገቤ ቁሚ፣ ስዕሉ ሲቆም ካየሽ ንገሪኝ' አለኝ። ቆምኩ። ሕንፃዎቹ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ዘለለ። በዓይኔ አየሁት።"

"ታዲያ እርስዎ ምን አሏቸው?"

"ምንም አላየሁም አልኩት።"

አንድ አውሮፕላን ከላያችን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ሠላሳ ዓመት ስልክ በጮኸ ቁጥር አውሮፕላኑ ወደቀ ሊሉኝ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ" አለች። "በሽተኛ ነኝ ብሎ ካመነ እቤቱ ይቀመጣል። ትናንት ፈተናው ይቅርብኝ ብሎ ደብዳቤ ልኳል። ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል።"

"ደብዳቤው እኮ የተላከው ገና ትናንት ነው። ዛሬ ቢደውሉ..."

"አንቺስ?" አለችኝ። "ደውሎ ሲጠይቅሽ ምን አልሽው? አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር።"



"ሱ-ዌን፣ ማን ነው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ማንም አይደለም! ቤት የተሳሳተ ሰው ነው!" ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች፤ ዓይኗን ግን ከኔ አልነቀለችም። "በይ ሂጂ። ሁለታችንም ዋሽተነዋል። አሁን እውነቱን ብትነግሪው ለሱ ብለሽ አይደለም፣ አንቺ እንዲቀልልሽ ነው።"

ገፍቼ መግባት እችል ነበር። ከደረጃው ሆኜ ብጮህ ይሰማኝ ነበር። ሳጥኑን ታቅፌ ወረድኩ። ዕቃውን ለገዛሁበት ሱቅ መለስኩት። ኩዎ በቀጣዮቹ ወራት ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች እየመዘዘ፣ "ካፒቴን እንኳ መርጦ የወሰደው ነው" እያለ አሥራ ሁለቱን ሸጠ። ቀልዱም ቀረልኝ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ አትክልት ገዝቼ ስመለስ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የለየኋት ሱ-ዌንን ነው። ካፒቴኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ከስቷል፤ ምርኩዝ ይዟል። ሌላ ስትሮክ አልመታውም፤ ይህን በኋላ ጎረቤታቸው ነግሮኛል። ብቻውን መንገድ ማቋረጥ ፈራ፣ ቀጥሎ ደረጃ መውረድ ፈራ፣ ከዚያ እግሩ ራሱ መሄድ ረሳ።

እሱ ግን ወዲያው አወቀኝ።

"ያቺ ኮምፒውተር የምትሠራው ልጅ!" አለ ፊቱ በርቶ። "ስፈልግሽ ነበር እኮ። ላመሰግንሽ።"

"እኔን፣ ካፒቴን?"

"ሐኪሞቹ ያላዩትን ያሳየኝ ያንቺ ማሽን ነው። እሱ ባይኖር ፈተናውን አልፌ፣ አንድ ቀን ከተማ ላይ ስወርድ አእምሮዬ ቀጥ ብሎ፣ አብሮኝ የሚያበረውን ልጅና ከታች የተኛውን ሰው ሁሉ እጨርስ ነበር። የስንቱን ሰው ነፍስ እንዳተረፍሽ አታውቂም።"

ምርኩዙን ይዞ ጎንበስ አለልኝ። ቀና ለማለት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሱ-ዌን የሚመጣውን አውቶቡስ ቁጥር እያነበበች ነበር።

"ምንም አይደል፣ ካፒቴን" አልኩ።

አውቶቡሱ ቆመ። ሱ-ዌን ክንዱን ያዘችው፤ "ቀኝህን አስቀድም" አለችው። እግሩን አይቶ፣ ጥቂት አስቦ፣ ቀኙን አነሳ።