ፍየል የቀመሰችው ዳኮታ

«ፍየልሽ አውሮፕላኔን በላችው!»

«አውሮፕላን የምትበላ ፍየል ካለችኝማ አዲስ አበባ ወስጄ በትኬት አሳያታለሁ እንጂ እዚህ ፀሐይ ላይ ካንተ ጋር ምን አቆመኝ?»

«ጨርቁ አፏ ላይ ነው ከዲጃ! አፏን እዪው!»

ከዲጃ አየችው። ቀይዋ ፍየል ከአውሮፕላኑ ጅራት ሥር ቆማ፣ ከከንፈሯ ጥግ አንድ ነጭ ክር አንጠልጥላ፣ ረጋ ብላ ታመነዥካለች። ከዲጃ ክሩን መዘዝ አድርጋ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

«የታለ?» አለች።

ሜዳውን ለአውሮፕላኑ መንደርደሪያ ሲደለድሉ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ንጉሤ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረውና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የጅራቱ መሪ ግማሹ የለም። የቀረው የብረት አጥንቱ ብቻ ነው፤ በውስጡ አልፎ የሮቢ ወንዝ ዳር ዛፎች ይታያሉ።

አውሮፕላኗ ዳኮታ ናት፤ የቀድሞው ጦር ወታደርና ስንቅ የሚያመላልስባት። በ1983 ግንቦት አንዱ ሞተሯ አስሎ አስሎ ሲቆም፣ ሻምበል ኤርሚያስ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ አስፋልቱ ዳር ባለው የአቶ ዘውዴ እርሻ ላይ አሳረፋት። የተሳፈረው ወታደር በየፊናው ተበተነ። ሻምበሉም መለዮውን ኪሱ ከትቶ፣ መካኒኩን ንጉሤን «ጠብቃት፤ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎት በእግሩ ሄደ። ንጉሤ ቀረ። የሽንኩርት አልሚዎችን የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ይኖራል፤ ሥራ ሲፈታ ዳኮታዋን ይወለውላል፤ ክረምት ሲመጣ ሞተሮቿን በማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀልላል። ደብረ ዘይት ያለችው እህቱ ጋ ለምን እንደማይሄድ ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እሷ ሳትሄድ አልሄድም።»

የፍየል ነጋዴዋ ከዲጃ ቤት ከእርሻው ጋር ይዋሰናል። ቀትር ላይ ፍየሎቿ የሚያርፉት በክንፉ ጥላ ነው። «ንጉሤ ሚስት አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ክንፍ ያላት አግብቶ ነው» እያለች ገበያተኛውን ታስቃለች።

ዘጠኝ ዓመት አልፎ ሻምበል ኤርሚያስ እውነትም መጣ፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ። እሱና ጡረታ የወጡ ጓደኞቹ አስነሥተው ሊወስዷት አውሮፕላኗን ገዝተዋታል። ጎማ፣ ነዳጅ፣ የሞተር ዕቃ በአይሱዙ ተጭኖ ወረደ። ንጉሤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ምግብም ረሳ። ሁለቱም ሞተሮች በተራ ተነሡ፤ ድምፃቸው በሰሜን ያለችው ካራቆሬ ድረስ ተሰማ ተባለ። የቀረው ጨርቁ ነበር። የዳኮታ አካል ቆርቆሮ ቢሆንም የጅራቷ መሪና የክንፎቿ ተንቀሳቃሽ ጠርዝ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ የድሮው በስብሶ አልቋል፤ ከውጭ የታዘዘው ደግሞ አልደረሰም። አቶ ዘውዴ እርሻቸው ዘንድሮ ለማሽላ እስኪታረስ ድረስ ሊታገሡ ተስማምተዋል። «ከዚያ ወዲያ ግን በሬዎቼን በአውሮፕላን ዙሪያ አላዞርም» ብለዋል። እስከዚያ ካልበረረች ተቆርጣ ለቁራሌው እንድትሸጥ ባለቤቶቹ ተስማምተዋል። ቁራሌውም አንድ ቀን መጥቶ ሆዷን በጣቱ አንኳኳና፣ «ይቺ የአገሩን ድስት ትችላለች» ብሎ ሄደ። ንጉሤ ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ስለዚህ ነበር አርጎባ ሸማኔዎች ጋ ዳገቱን የወጣው። የከዲጃ አጎት አብዱልሀኪም ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወረዱ፤ ከክንፉ ሥር እግራቸውን የሚያስገቡበት ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ጥለት የሌለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ሸመኑ። ንጉሤ ማሾ የሞላ ከረጢት አንጠለጠለበት፤ አልተቀደደም። ግትር ብሎ መቆሙንም እንደ ጥንካሬ ቆጠረለት። ትናንት መሪው ላይ ሰፍተው ወጠሩት፤ ዛሬ ጠዋት እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸተውን ማጠንከሪያ ቀለም ግማሹን ቀቡት። ምሳ በልተው ሲመለሱ ፍየሏ ያልተቀባውን ግማሽ ጨርሳለች።

አብዱልሀኪም ከዙሁር ሶላት ተመልሰው ሲያዩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀሩ።

«ሱብሃነላህ! ጨርቅ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ምን ሸቷት ነው?»

ነገሩ ከዲጃንም ከነከናት። ከጉያዋ ክሩን አወጣች።

«አለ እንዴ!» አለ ንጉሤ።

«ዝም በል።» ክሩን አሸተተችው፤ ከዚያ ጥርሷ ላይ አደረገችው። «አጎቴ፣ ድሩን ምን ነክረውት ነው?»

«የዱቄት ሙቅ ነዋ! ሙቅ ያልጠጣ ድር እየተበጠሰ መች ያሸምናል? የአባቴም አባት እንዲህ ነው የሠሩት።»

«ምሳ አቅርበውላታል!» አለ አንዱ ከሠራተኞቹ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

ንጉሤ አልሳቀም። መሰላሉን ወጥቶ የተቀባውን ግማሽ በጥፍሩ ጫር አደረገ። ጫፉን ይዞ ሳበው። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉውን ተነሥቶ እጁ ላይ ቀረ።

«ቀለሙ ሙቁን እንጂ ክሩን አልያዘም» አለ ቀስ ብሎ። «ተሻግራ በምታልፈው በጣርማ በር ተራራ ላይ ነፋሱ ሲይዛት እንዲህ ይገሸለጥ ነበር። ከዚያ ጨርቁ ይላላል፤ ከዚያ...»

መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዓይኑ በራ፤ ዘሎ ወረደ።

«ታጥቦ ይለቃል! ሙቅ አይደል? ፈልቶ ይለቃል! ጋሼ አብዱልሀኪም፣ ፈትል ቀርቶናል?»

«ቀርቷል፤ አላህ ይመስገን።»

«በሉ እንግዲህ!»

«ቆይ» አለች ከዲጃ መንገዱን ዘግታ። «መጀመሪያ ፍየሌን ይቅርታ ጠይቃት።»

ንጉሤ ቆቡን አውልቆ ለፍየሏ እጅ ነሣ። «ይቅርታ እመቤቴ። ሻምበሉን አድነሻል።» ፍየሏ ቆቡን አሸተተችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ሠርግ ዝግጅት ሆነ። የሰፈሩ ሴቶች ወንዝ ዳር በርሜል ጥደው ጨርቁን ቀቀሉት፤ በእንዶድ አሹት፤ አለቀለቁት፤ ደግመው ቀቀሉት። አብዱልሀኪም የተበላውን ሊተኩ ከጉድጓዳቸው አልወጣ አሉ። የታጠበው ሁሉ ከዲጃ ፊት ቀርቦ ይሸተታል። «ይሄ ገና ምሳ ነው፤ መልሱት» ትላለች፤ ወይም «ይሄ ጨርቅ ሆኗል» ትላለች። ሌሎቹ ፍየሎች ታሰሩ፤ ቀይዋ ብቻ እንደ ተቆጣጣሪ በነፃነት ትዞራለች። ጨርቁ ተሰፍቶ፣ ተቀብቶ፣ በደረቀ ጊዜ ንጉሤ ጥፍሩን ጫነበት። ጥፍሩ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረ። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ እስከ አስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን ማንም አልለየውም።

በበረራው ጠዋት አቶ ዘውዴ በሬዎቻቸውን ጠምደው ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ሻምበል ኤርሚያስ ከረዳት አብራሪው ጋር መጥቶ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ጨርቁ ድም ድም አለ።

«ከበሮ ነው!» አለ።

«እኔስ ሻምበል? ልግባ?»

«የመጀመሪያ በረራ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ታውቃለህ። ደግሞ ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር መሳቡን ላንተ ካልሆነ ለማን ልተው?»

«እውነትዎን ነው» አለ ንጉሤ፤ የምሩን ነበር።

ቀኙ ሞተር ወዲያው ተነሣ። ግራው አሳለ፤ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ዝም አለ። እንደገና አሳለና አገሳ። አቧራው ሜዳውን ሞላው፤ የከዲጃ ሻሽ በረረ፤ ማንም ሊያነሳው አልሄደም። ሻምበሉ ሞተሮቹን እስከ መጨረሻ ሲለቃቸው ንጉሤ ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አልነቀለም። ጨርቁ ተንቀጠቀጠ፤ ግን እንደተወጠረ ቆየ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ሳበ፤ እጁን አነሣ።

ዳኮታ ሮጠች። ጅራቷ ከመሬት ተነሣ፤ የአቶ ዘውዴ በሬዎች ቀንበራቸውን ይዘው ፈረጠጡ፤ ጎማዎቿ ነጠሩ፣ ነጠሩ፣ ከዚያ አልነጠሩም።

«ወጣች! ወጣች!»

እልልታው ከሞተሩ በለጠ። አብዱልሀኪም ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «ጨርቁ አለ ወይ? ንገሩኝ፣ አለ ወይ?»

«አለ አጎቴ! ቀና ይበሉ!»

ጣርማ በር ግድግዳ ነው፤ በአንዴ አይታለፍም። ዳኮታ ከሮቢት በላይ እየዞረች ወጣች፤ በዞረች ቁጥር አነሰች፤ በዞረች ቁጥር ሰዉ ጮኸ። በመጨረሻ ወደ ተራራው ቀናች፤ አንዴ አብረቀረቀችና አለፈችው።

ሜዳው ተደበላለቀ። አቶ ዘውዴ እየሳቁ በሬዎቻቸውን ያባርራሉ። ወንዶቹ ቀይዋን ፍየል ትከሻቸው ላይ አውጥተው ይጨፍራሉ፤ ከዲጃ ከኋላቸው «አውርዷት! ትደነግጥብኛለች!» እያለች ትሮጣለች። አብዱልሀኪም ጅራቱን ማን እንደ ሸመነ ለከበቧቸው ሰዎች ይተርካሉ።

አስፋልቱ ላይ ከካራቆሬ በኩል የመጣ ሚኒባስ ዳር ይዞ ቆሟል፤ ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ንጉሤ እጁን በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁን አጥፎ ከመፍቻዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ አኖረ፤ አስፋልቱን ተሻገረ።

«ደብረ ብርሃን ነው?» አለው ረዳቱ ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል።

«እስከ መጨረሻው፤ ከዚያ ደብረ ዘይት እህቴ ጋ» አለና ገብቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሚኒባሱ ተነሣ።