በቀትር የሚጠፋው ሶላር

ዐብዲከሪም ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይሸጣል። ጣሪያው ላይ የገጠምኩለት፣ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የተያያዘው ሶላር የረባ ነገር አያመነጭም ብሎ በገበያው ሁሉ አስወራብኝ።

«ወላሂ፣ ከስልክ ቪዲዮ የተማረች ልጅ አምኜ!» ይላል።

ስሜ ነውና የተነካው ሄድኩ። ጠዋቱን ሙሉ ሱቁ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ የፀሐዩን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ደህና ይሠራል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዐብዲከሪም እንደ ድሬ ነጋዴ ሁሉ ዘግቶ ሊተኛ ተነሳ። ሲወጣ ዋናውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገው።

«አቦ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እሳት ቢነሳስ? አባቴም ሲወጣ ያጠፋ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አስር።»

«ይሄ ሶላር እኮ ባትሪ የለውም፤ መስመሩ ሲጠፋበት እሱም ይጠፋል። ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ራስህ ታጠፋና እኔን ታማለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አንቺ የድሬ ልጅ አይደለሽም? በቀትር እንደምንዘጋ አታውቂም?»

አውቃለሁ።

ማጥፊያውን መለሰው። «እኔ ግን እሳት እፈራለሁ፤ ዛሬ አንቺ ጠብቂው» ብሎ በሩን ከውጭ ቆለፈብኝ። እስከ አስር ሰዓት በላብ ተጠምቄ የኢንቨርተሩን አረንጓዴ መብራት ሳይ ቆየሁ። አንዴም አልጠፋም።