የዱባዩ ሙሽራ

ሄኖክ ጁባ አሥራ አራት ወር የውሃ ቦቴ ሲነዳ ወባ አልያዘውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጀ ረጅም ሸሚዝ ይለብሳል፣ ያለ አጎበር አይተኛም፣ የሚሠራበት ድርጅት ነርስ ያዘዘችለትን ኪኒን አንድም ቀን አልዘለለም። እናቱ ለተማርያም ግን ሐረር ለሚገኘው ለሸዋ በር ሰፈር ሰው ሁሉ ልጇ ዱባይ እንዳለ አውርታለች። ጁባ በእሷ ቤት ሥራ ያጣ ሁሉ የሚሄድበት አገር ነው። ገሊላን ለማጨት ሽማግሌ የላከችውም በዱባይ ስም ነው።

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጣ። በማግስቱ ሻንጣውን ስትፈታ ኪኒኑን አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወባ መከላከያ ነው፣ እማ። ከተመለስኩም በኋላ አራት ሳምንት መዋጥ አለብኝ።»

«ሐረር ላይ ምን ወባ አለ?»

«ለሐረር አይደለም። እዚያ የነከሰችኝ ትንኝ ካለች በሽታው ደሜ ውስጥ አድፍጦ ይቆያል።»

«በየቀኑ ኪኒን የሚውጥ ሙሽራ! አማቶችህ ቢያዩ ያንን በሽታ ይዞ መጣ ነው የሚሉት። ከሠርጉ በኋላ እንደ ቆሎ ቃመው።»

ሄኖክ ሳቀ። እሷ ግን አልቀለደችም፤ ሲወጣ ጠብቃ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለችው። ኪኒኑን ሲያጣው ሌላ እገዛለሁ አለ፤ ሱፍ ልኬት፣ ጥሪ ወረቀት፣ የሚዜዎች ጣጣ ሲያዋክበው ሳይገዛ ቀረ። የእሱ ጥፋት ይህቺ ብቻ ናት።

በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን አንዘፈዘፈው። ምች ነው አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ ጋቢ ደራረበችበት። በሦስተኛው ቀን የገሊላ እናት አፀደ ልትጠይቀው መጥታ በሁኔታው ደነገጠች፤ ባጃጅ ጠርተው ፈረስ መጋላ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱት።

የጤና መኮንኑ ኒቆዲሞስ ከመሳቢያው የወባ መመርመሪያ አወጣ። የቀረችው አንዲት ናት።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሰሞኑን ቆላ አገር ነበር?»

ለተማርያም አጠገቧ የቆመችውን አፀደን በዓይኗ ጥግ አየቻት።

«ዱባይ ነው የነበረው።»

«ሌላ የትም አልሄደም?»

«የኔ ልጅ ምን አጥቶ!»

ሄኖክ ከአልጋው ቀና ለማለት ሞከረ። «እማ... ጁባ በይው።»

«ይቀባዥራል» አለች፣ ግንባሩን እያበሰች። «የጎረቤት ልጅ ጁባ ነው፤ ስለሱ ሲወራ ሰምቶ ነው።»

ኒቆዲሞስ ከታማሚውና ከእናቱ እናቱን አመነ። እናት በልጇ ሕይወት ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል? መመርመሪያዋን ወደ መሳቢያው መለሰና የታይፎይድ መድኃኒት አዘዘ።

በማግስቱ ጠዋት ዐይሻ መጣች፤ ጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤት። ልጇ ሐምዲ ጁባ ውስጥ ከሄኖክ ጋር አንድ ክፍል ይኖር ነበር።

«ለቴ! ሐምዲ ደውሎ የሄኖክን መታመም ስነግረው ወላሂ አለቀሰብኝ። ይሄ ወባ ነው፣ አሁኑኑ ደሙን አስመርምሩት ይላል።»

አፀደ አልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። ለተማርያም ፊቷ ቀላ።

«ዐይሻ፣ ጁባ ያለው ያንቺ ልጅ ነው። ከኔ ልጅ ጋር አታምታቺው። ሂጂ፣ ቅመምሽን ሽጪ።»

«አስተግፊሩላህ!» ዐይሻ የሄኖክን ዓይን አየች፤ ቢጫ ሆኗል። «ቅመሜን እሸጣለሁ። አንቺ ግን የምትሸጪውን ታውቂያለሽ?» ብላ ወጣች። አፀደ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች።

ከሰዓት በኋላ ሄኖክ እናቱን «አንቺ ማነሽ?» አላት። ያን ጊዜ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ብቻዋን ክሊኒክ ሮጠች። በሽተኞች መሀል ተጋፍታ ኒቆዲሞስ ጆሮ ሥር «ጁባ ነበር» አለች።

«ትናንት ጠይቄዎት ነበር እኮ!»

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ሰው ይሰማል።»

ኒቆዲሞስ መመርመሪያዋን ይዞ ወደ ቤታቸው ከነፈ። የሄኖክን ጣት ወጋ፤ ወባ መኖሩን የምታሳየው ቀይ መስመር በደቂቃዎች ውስጥ ቁልጭ ብላ ወጣች። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ባጃጁ ውስጥ ሞተ።

ለተማርያም ለለቅሶው ያሠራችው ፎቶ ላይ ሄኖክ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው የዱባይ ፎቅ ተለጥፎበታል። በሦስተኛው ቀን አፀደ አጠገቧ ተጠግታ ተቀመጠች።

«እኛ እኮ ከሽምግልናው በፊት ጀምሮ እናውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ጁባን። የገሊላ አባትም በጎልማሳነቱ እዚያው ሠርቷል፤ እዚያ ያሉ ወዳጆቹ ነግረውታል። ልጅዎን የወደድነው ሠራተኛ ስለሆነ ነው።»

ለተማርያም ቀስ ብላ ዞረች። «ክሊኒክ አጠገቤ ቆመው አልነበረም?»

«ይሉኝታ ያዘኝ» አለች አፀደ፣ እንባዋ እየወረደ። «በሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግሁም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ያዳምጣል። ዐይሻም በር ላይ ቆማለች። ለተማርያም ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ልጄ ዱባይ ነበር» አለች ጮክ ብላ። «ፎቶው ተንጋዷል፤ አንዳችሁ አቃኑልኝ።»