ክርኑን ስትለቀው

ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ስትሄድ ያየ ሁሉ «እንደ አዲስ ሙሽሮች!» ይላል። ወሬኛ! የተያያዙበትን ምክንያት ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ክርኑን ጫን ስታደርግለት እግሩ ይነሳል፤ ካልጫነችው ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው። ፎቅ ሲቀባ ከመወጣጫው ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። «አለቀለት» ሲባል ተነሳ፣ ቤቱ ገባ፣ እንደ ልማዱም ጎረቤቱን ሁሉ መተረብ ጀመረ። ወራት ሲያልፉ ግን ቀስ በቀስ ፈዘዘ። መራመድ ከበደው፣ የጀመረው ወሬ መሀል ላይ ይጠፋው ጀመር፣ ሽንቱም ያመልጠው ነበር። ሚስቱ የሱሪዎቹን ቁልፍ በሙሉ ፈትታ በላስቲክ ቀየረችለት፤ ለሚጠይቀው ሁሉም በእሱ ፈንታ መለሰች። የባል ገመና አደባባይ አይወጣም ተብላ ያደገች ሴት ናት። ችግሩ፣ ገመናውን ከሐኪምም ሸፈነችው። ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ወሰደችው፤ ሁለቱም የጭንቅላቱን ፎቶ አይተው «ይኸው ይራመዳል፣ ይበላል፤ ከአደጋው የተረፈው ይህ ነው፣ ተቀበይው» ብለው መለሷት። ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሦስተኛዋ ሐኪም አጠር ያለች ሴት ናት፤ ነጭ ጋዋኗ ቁርጭምጭሚቷ ሊደርስ ምንም አልቀረው። «ይህን የሰፋ እጅ ይቆረጥ» አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን» አለች ሚስት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቀለም ቀቢ ነው።»

«እህቴ፣ ታማሚው ማነው?» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። «በይ ክርናቸውን ልቀቂና እዚያ ተቀመጪ። እጅሽን ደግሞ ታፋሽ ሥር አድርጊው።»

ለቀቀችው። ቀለም ቀቢው ወደ መስኮቱ እንዲመጣ ሲነገረው እግሩን እየጎተተ ሄደ፣ ቆመ፣ ሊዞር ሲል ተንገዳገደና ሐኪሟ ቀልጠፍ ብላ ያዘችው። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ገመናው ወጣ፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛውን «ተቀበይው» ልትሰማ ነው።

«ድንቅ አስታማሚ ነሽ» አለች ሐኪሟ። «ጥፋትሽም እሱ ነው። ደህና አድርገሽ ስለያዝሻቸው ሕመሙ አልታየም።»

የጭንቅላቱን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፍታ አሳየቻት። «ይህ ጥቁሩ ውኃ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሁልጊዜ ይመነጫል፣ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ደም ይመለሳል። ሲወድቁ የፈሰሰው ደም መመለሻውን ደፈነው። ውኃው ግን መመንጨቱን አላቆመም፤ ተጠራቀመና አንጎላቸውን ይጫነው ጀመር።»

«ሌሎቹ እኮ አንጎሉ ሟሙቶ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ፎቶውን ብቻ ካዩት ያንንም ይመስላል። ውኃው በአከርካሪ በኩል እስከ ወገብ ይወርዳል፤ ዛሬ ከዚያ ጥቂት እቀዳለሁ። አካሄዳቸው ከተሻለ ኦፕራሲዮን ይረዳቸዋል። ካልተሻለ ግን አልዋሽሽም፣ ተስፋው ቀጭን ነው።»

ቀለም ቀቢው በጎኑ ተኛ፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ልትጨፍን ነበር፣ የሐኪሟን እጅ ስታይ ግን ተወችው። መርፌ የያዘ እጅ ትለያለች። ይህ እጅ አይቸኩልም፣ አይጠራጠርም፤ ጣቶቹ አጥንቱን ዳብሰው ቦታውን አገኙና መርፌው ገባ። ጠብ ያለው ውኃ ጥርት ያለ ነበር። ባሏን ይህን ያህል ያሰቃየው ነገር ጥቁር፣ የሚያስፈራ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ነበር። ለዚህች ሴት ጋዋን በልኳ ባልሰፋላት ሴት አይደለሁም አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ተመለሰች። «ጋሼ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ይምጡ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳትታዘዝ ታፋዋ ሥር ያስገባቻቸው ጣቶች ወንበሩን ጫን አደረጉ። ሰውየው ቆም አለ። ከዚያ ቀኝ እግሩ ከወለሉ ተነሳ፤ ግራው ተከተለው። መስኮቱ ጋ ደረሰ፣ ማንንም ሳይይዝ ዞረ፣ ተመለሰ። ሁሉ ነገሩ ገና ዘገምተኛ ነው፤ ግን ማንም አልጎተተውም።

«ምን ይሰማዎታል?» አለች ሐኪሟ።

«ቀለል ብሎታል ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት እኮ...»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ቀለም ቀቢው፣ «የጠየቁት እኔን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በዕድሜዋ እንደዚህ የጣፈጣት ቁጣ የለም። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ሐኪሟም ዓይኗ እርጥብ ብሎ ነበር፣ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም። «ውኃው ተመልሶ ይሞላል፤ የዛሬው ሙከራ ብቻ ነው። ኦፕራሲዮኑ ላይ ከራሳቸው እስከ ሆዳቸው በቆዳ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገባለሁ፤ ትርፉ በዚያ ይወርዳል። አደጋ የለውም አልልም። ምን ትያለሽ እህቴ፣ ይሁን?»

«ይሁን» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏን አየችው፤ እሱም እያያት ነው።

«እሱን ይጠይቁት» አለች።