የቱንቢ አቤቱታ

ተቆጣጣሪው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጣጠሩት ሕንፃ ስላጡ ዓይናቸውን በሌላው ሁሉ ላይ ጥለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ ግንብ በጣታቸው እያንኳኩ፣ «ይሄ ይፍረስ፣ ይሄ ይታረም» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሚያንኳኩት የጓዳውን በር፣ የገበያውን ሐብሐብና የልጃቸውን ትዕግሥት ነው።

ልጃቸው ፕሮግራመር ናት። ሳሎኑ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ በዓይን አይታቸው ከማታውቅ ሰዎች ጋር ሆና «ማለዳ» የተባለ የዜና ማንበቢያ ፕሮግራም ትጠግናለች። ሰው የሚወዳቸውን ጋዜጦችና ድረ ገጾች አንዴ ከመረጠለት፣ ማለዳ አዲስ የተጻፈውን ሁሉ እየሰበሰበ አንድ ቦታ ይደረድርለታል። ድረ ገጾቹ ጽሑፋቸውን የሚያቀብሉበት መስመር ፊድ ይባላል። የማለዳ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፦ ማንም ገብቶ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ እንከን ካገኘም በአደባባይ አቤት ይላል። ይህን የመጨረሻውን መብት ተቆጣጣሪው ሲሰሙ ጡረታቸው የተሻረላቸው ያህል ደስ አላቸው።

ፕሮግራሙን በስልካቸው የጫነችላቸው ልጃቸው ናት፤ ስፖርትና የአየር ጠባይ እንዲያዩበት ብላ። እሳቸው ግን አንድ ሌላ ፊድ ደብቀው አስገብተውበታል፤ የታላቅ እህታቸውን።

እህትየው በሌላ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የስፌት አስተማሪ ናቸው። ስለ ጓሯቸው፣ ስለ ድመታቸውና ስለ ጎረቤቶቻቸው አመል በየሁለት ሦስት ቀኑ ከነፎቶው በድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። ወንድምና እህት ከተኳረፉ ቆይተዋል። ምክንያቱ ግድግዳ ነው። እህትየው አዲስ ቤት ሠርተው ወዳጅ ዘመድ በጠሩበት ቀን፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲል፣ ወንድምየው ወጥ ቤት ገብተው ግድግዳውን አንኳኩና እንግዳው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ጠሟል» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እህትየውም «እንግዲያው ቀጥ ወዳለው ቤትህ ሂድ» ብለው በሩን አሳዩአቸው። ተቆጣጣሪው ይቅርታ አልጠየቁም። ግድግዳውማ ጠሟል፤ እውነት ተናግሮ ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

ማኩረፍ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ የእህታቸውን ጽሑፍ ያነባሉ። ድመቷ ስትታመም ተጨንቀዋል፣ ቲማቲሙ ሲያፈራ ደስ ብሏቸዋል፣ አጥሩን የገፋውን ጎረቤት ሳያዩት ጠልተውታል። መጨረሻ ያነበቡት ግን ሰላም ነሥቷቸዋል። «ጣሪያዬ ማፍሰስ ጀምሯል» ይላል። «ሠራተኛ ብጠራ ነገ ዛሬ እያለ ይጫወትብኛል። ነገ መሰላል አቁሜ ራሴ እወጣለሁ።»

በማግሥቱ ማለዳ የተባለው ፕሮግራም ራሱን አደሰ፤ እህትየውም ዝም አሉ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተከተለ፤ ስፖርቱ ይመጣል፣ የአየር ጠባዩ ይመጣል፣ ከእህትየው አንዲት ቃል የለም። ብትሞት ኖሮ መርዶ ይመጣ ነበር ብለው ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ያጽናናሉ። እግሯ ተሰብሮ ቢሆን ግን «እሱ እንዳይሰማ» የምትል ሴት ናት። ያን መሰላል ማን ያዘላት? ደግሞስ ያ ጣሪያ እንደ ግድግዳው ከሆነ?

«እንዲያው ለመሆኑ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደህና ነው?» ሲሉ አንድ ቀን ልጃቸውን ጠየቋት፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው መስለው።

«የትኛው ዘመድ፣ አባዬ?»

«ዝም ብዬ ነው። በጅምላ።»

«በጅምላ ደህና ነው» አለችና ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች።

መደወልማ አይታሰብም፤ ስልክ ያነሣ ተሸነፈ። ድረ ገጿን በቀጥታ መክፈትም ለሳቸው ደጇን እንደማንኳኳት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በሚያውቁት መንገድ ሄዱ። የማለዳ አቤቱታ ገጽ ላይ «ቱንቢ» በሚል ስም ተመዘገቡ። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን የሚለካበት በገመድ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ሃምሳ ስም ቢያወጡ ከዚህ የባሰ የሚያጋልጣቸው አያገኙም ነበር፤ ለሳቸው ግን ፍጹም ድብቅ መሰላቸው። እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ለሚመለከተው ክፍል። ከእድሳቱ በኋላ አንድ ፊድ ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል። ሥራው በጥድፊያ የተሠራ ለመሆኑ ያስታውቃል። በአስቸኳይ ይታረም።»

ምሳ ሳይቀርብ መልስ መጣ። መልስ የሰጠችው ልጃቸው ናት፤ የፊድ አነባበቡን ያሻሻለችው እሷ ስለሆነች። «ውድ ቱንቢ፣ ስለ ጥቆማዎ ከልብ እናመሰግናለን። የፊዱን አድራሻ ቢልኩልን ችግሩን ፈትሸን እናሳውቅዎታለን።»

ተቆጣጣሪው ደግመው አነበቡት። በቤታቸው ያላገኙትን አንቱታ ኢንተርኔት ላይ አገኙት። ደስ ብሏቸው ሲያበቁ «አድራሻው የግል ጉዳይ ነው» ብለው መለሱ።

«በሽተኛውን ደብቀው መድኃኒት ይታዘዝልኝ እያሉ ነው» አለች ልጅቷ በጽሑፍ።

«ሕንፃ ሲሰነጠቅ ተከራዩ ስሙን ይናገር አይባልም» አሉ እሳቸው።

እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። እሷ ሳሎን፣ እሳቸው መኝታ ቤት፣ መሃላቸው አንድ ስስ ግድግዳ። ከእሷ በኩል የቁልፍ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል እሳቸው በስልካቸው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ምሳ ላይ ደግሞ ይገናኛሉ።

«አንድ ጨቅጫቃ ሰው ይዞኛል» አለች አንድ ቀን፣ ሰላጣውን እየከተፈች። «ፊዴ ተቋረጠ ይላል፣ የቱ ነው ሲሉት አይናገርም።»

«ምክንያት ይኖረዋላ» አሉ ተቆጣጣሪው። «ሰው ያለ ምክንያት አይጨቀጭቅም።»

«አንዳንዱ ግን ተፈጥሮው ነው።»

«አነጋገሩ እንኳን የተማረ ሰው ይመስላል» አሉ፤ ካሉ በኋላ ያላዩትን ጽሑፍ ማመስገናቸው ገባቸውና ጨው እንድታቀብላቸው ጠየቁ። ጨው ፊታቸው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ መልእክት ገባ። «ውድ ቱንቢ፣ እስከ ነገ ድረስ አድራሻው ካልደረሰን ጉዳዩን ለመዝጋት እንገደዳለን።»

ተቆጣጣሪው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን አድራሻ ከላኩ አለቀ። የእህታቸውን ድረ ገጽ የሚያነብና በዚህ አፍ የሚናገር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ልጃቸው ታውቃለች፤ ከልጃቸው እህታቸው ትሰማለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ በኩራት ያቆዩት ኩርፊያ ገደል ይገባል። ካልላኩ ደግሞ ዝምታው ይቀጥላል። ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ መጣል ጀመረ። ተቆጣጣሪው ቀና ብለው የራሳቸውን ደረቅ ኮርኒስ አዩ፤ ያ የሚያፈሰው ጣሪያ ታያቸው፤ መሰላሉ ታያቸው፤ ከመሰላሉ ሥር ማንም እንደሌለ ታያቸው። ፈሩ። የእውነት ፈሩ። አድራሻውን ጻፉና ላኩት፣ ከዚያ ባኞ ቤት ገብተው ቧንቧውን ከፈቱ።

ከሳሎን ሳቅ ቢሰማ ይሻላቸው ነበር። ልጅቷ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «አባዬ፣ ሻይ ላፍላልህ?» አለች። መልሱ የመጣው በማግሥቱ፣ በገጹ ላይ ነው፣ አንቱታው ሳይጓደል።

«ውድ ቱንቢ፣ ትክክል ነዎት፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ብዬ ጽሑፉን እንደ ዳቦ በእኩል እየቆረጠ እንዲወስድ አድርጌው ነበር። የፈረንጅ ፊደል ለኮምፒውተር አንድ ቁራሽ ነው፣ የኛ ግን አንዱ ፊደል ሦስት ቁራሽ ነው፤ ቢላው ፊደሉ መሃል ሲያርፍ ፊደሉ ይሰበራል። የቀድሞው ማለዳ የተሰበረ ፊደል ሲያይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያልፍ ነበር። አዲሱ ጥብቅ ስለሆነ አንድ ስብራት ካየ ፊዱን በሙሉ ይጥለዋል። አጭር ጽሑፍ በአንድ ጉርሻ ስለሚገባ አይነካም፤ የርስዎ ጸሐፊ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚያቆሙ ሰው አይደሉም።»

ተቆጣጣሪው በዚህ ነጥብ ሳይወዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥር ሌላ ነገር ነበር፦ «እርማቱ ተዘጋጅቷል። ሆኖም በማለዳ ደንብ መሠረት እርማት ያለ መፈተኛ ናሙና አይገባም። ናሙናው የሰው ጽሑፍ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚያመጣው አመልካቹ ነው።»

«ባለጽሑፏን ማግኘት አይቻልም» ብለው ጻፉ።

«ስልክ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«እንግዲያው?»

ደንብ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር፤ እሳቸው ግን ስንቱን ባለሀብት «ደንብ ነው» ብለው ከበር የመለሱ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ለበሱ፣ ለስልክ ኮት ምን ያደርጋል ሳይሉ፣ በረንዳ ላይ ወጥተው ደወሉ።

«ሃሎ?» አለ የእህታቸው ድምፅ።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የምደውለው ስለ አንድ የፈቃድ ጉዳይ…» ያዘጋጁት ንግግር እዚያው ላይ ጠፋባቸው። «እቴቴ፣ ጣሪያው ላይ ወጣሽ እንዴ?»

«ወጣሁ» አሉ እህትየው። «ወረድኩም። አንተ አለህ እንዴ?»

«ምን እሆናለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ፎቶዎቼን ሁልጊዜ ጠዋት የሚከፍት አንድ ሰው ነበረኝ። ገጼ ላይ ያለው ቆጣሪ ከየት ከተማ እንደሆነ ይነግረኛል። ከዚያ ከተማ የኔን ድመት ማየት የሚፈልግ ማን አለ? አንተ ነህ ብዬ ያዝኩ። ድንገት ቀረህ። ታሞ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሳላውቅ ስለ ግድግዳ ጽፌ ይሆን ብዬም የጻፍኩትን ሁሉ መልሼ አነበብኩ። ይመለስልኝ ብዬ አስረዝሜ አስረዝሜ ጻፍኩ። ስለ ልጅነታችን ጻፍኩ። ከዛፍ ወድቀህ ያለቀስክበትን ሁሉ ጻፍኩት።»

ተቆጣጣሪው የበረንዳውን ብረት ያዙ። ሊመልሷቸው ብለው ባስረዘሙ ቁጥር ያ ክፉ ቢላ ፊደሉን እየሰበረ ጽሑፉ እንዳይደርስ አድርጎት ኖሯል። ይህን ለማስረዳት አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ስለ ዳቦ ማውራት አልቻሉም። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር።

«እያነበብኩ ነበር» አሉ። «እስከ ጣሪያው ድረስ ሁሉንም።»

«አውቄያለሁ። የምን ፈቃድ ነው ያልከው?»

ነገሯቸው። እህትየው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «አልሰጥም» አሉ።

«እንዴት አትሰጪም?»

«በስልክ የሚሰጥ ፈቃድ የለኝማ! ናና ፊቴ ቆመህ ጠይቅ። ግድግዳውም እንዳለ ነው፣ ይጠብቅሃል።»

አንድ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ያቺው የድሮዋ ቃል። ዋጧት። ስትወርድ እንደ ድንጋይ ነበረች። «እሺ፣ እቴቴ» አሉ።

ተቆጣጣሪ ናቸውና፣ ወደ ክፍላቸው ገብተው ሻንጣ ከማውረዳቸው በፊት ያን ደንብ በዓይናቸው ሊያዩት ከፈቱት። ስለ ናሙናና ስለ ፈቃድ የሚለው አንቀጽ አለ፣ ልክ ነው። ከጎኑ ግን ማን፣ መቼ እንደጻፈው ሰፍሯል። የተጻፈው ትናንት፣ እሳቸው ባኞ ቤት ቧንቧ ከፍተው በቆሙበት ሰዓት ነው። ስልኩን ይዘው ሳሎን ገቡ።

«ይሄ ደንብ አዲስ ነው!»

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ ከላፕቶፗ ቀና ሳትል። «ናሙናውን ደግሞ ራሴ ጽፌ እርማቱን ዛሬ አስገብቼዋለሁ።»

«ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም! ደግሞስ እኔ መሆኔን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«‹ለሚመለከተው ክፍል› ስትል። የማን ፊድ እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»

«አክስትሽ ደህና መሆኗንስ ታውቂ ነበር?»

«ከሷ ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን። እሷም ያንተን ስም አታነሣም።»

«ታዲያ ጠይቄሽ ነበር እኮ!»

«በጅምላ ነዋ የጠየቅከኝ» አለችና ላፕቶፗን ከደነችው። አሁን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ዓይናቸው እንደቀላ። ድምጿ ለሰለሰ። «እና ደንቡ ሐሰት ስለሆነ አትሄድም ማለት ነው?»

«ማን አልሄድም አለ? ቅሬታ አቀረብኩ እንጂ» አሉ ተቆጣጣሪው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከታላቅ እህት ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ የሚወሰደውን ነገር ግን አላወቁም። «ምን ይዤ ልሂድ?»

«የምትይዘው አይቸግርህም፣ አባዬ» አለች ልጃቸው። «ትተኸው የምትሄደውን አስብ።»